ዜጋው የመሥሪያ ቤቶች መልእክተኛ እንዳይሆን፦ የድር ቴክኖሎጂ ለተቋማት ትብብር

የአንድ ሰው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ትምህርት፣ ንብረትና ግብር በአንድ መዝገብ ተጠቃሎ አይገኝም፤ ልደቱን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ንግድ ፈቃዱን የንግድ ቢሮ፣ ግብሩን የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ ይዞታውን የመሬት አስተዳደር፣ ሒሳቡን ባንክ፣ የሕክምና ታሪኩን ሆስፒታል ይይዙታል። እነዚህ ተቋማት እርስ በርስ የሚገናኙበት መስመር ከሌላቸው፣ አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው የሚያደርሰው ባለጉዳዩ ራሱ ይሆናል፤ ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፣ የትብብር ደብዳቤ ያጽፋል፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር ያሰጣል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ከዚያም ወረቀቱን ይዞ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ቢሮ ይመላለሳል። የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሠራተኛም በበኩሉ ወረቀቱ እውነተኛ ስለ መሆኑ ከማኅተሙ በቀር የሚያረጋግጥበት ነገር የለውም።

ችግሩ በሕዝብ አገልግሎት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ወረርሽኝ ሲነሣ ላቦራቶሪው፣ ጤና ጣቢያውና የኅብረተሰብ ጤና ተቋሙ፣ ድርቅ ሲገባ የሚቲዎሮሎጂ፣ የግብርናና የዕርዳታ ድርጅቶች፣ ዕቃ ከውጭ ሲመጣም አስመጪው፣ ባንኩ፣ ጉምሩኩና የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው መሥራት ግድ ይላቸዋል። ሁሉንም በአንድ አለቃ ሥር ማዋል አይቻልም፤ እያንዳንዱ በሕግ የተሰጠው ኃላፊነት፣ የራሱ ሙያና የራሱ ተጠያቂነት አለውና። ስለዚህ ጥያቄው ነጻነታቸውን የያዙ ተቋማት እንዴት እንደ አንድ ሆነው ይሥሩ የሚል ይሆናል። ካለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት የድር ቴክኖሎጂ ልምድ የሚገኘው ትምህርት፣ ተቋማት ለመተባበር መዋሐድ እንደማያስፈልጋቸው፣ ይልቁንም የተስማሙበት መንገድ፣ የጋራ የአመዘጋገብ ሥርዓትና በሕግ የጸና መተማመን ካላቸው በየቤታቸው ሆነው አብረው መሥራት እንደሚችሉ ነው።

ድር የተፀነሰበት ምክንያት

በይነመረብ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኘው መረብ ሲሆን፣ ድር የሚባለው ደግሞ በዚያ መረብ ላይ የተዘረጋው የሰነዶችና የአገልግሎቶች ትስስር ነው። የድር ሐሳብ የመነጨው በጄኔቫ አቅራቢያ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ከሚገኘው ሰርን ከተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው። በሰርን ከብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የሚመጡ ሳይንቲስቶች በአንድ ሙከራ ላይ ተባብረው ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም ጥቂት ጊዜ ቆይተው ወደየመጡበት ይመለሳሉ። የሚጠቀሙባቸው ኮምፒውተሮች ዓይነታቸው ብዙ፣ የሰነድ አያያዛቸውም የተለያየ ስለነበር፣ አንዱ ቡድን ያዘጋጀውን ሌላው ለማግኘት ይቸገር፣ ሰው ሲለቅ ደግሞ የሚያውቀው ነገር አብሮት ይጠፋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በማርች 1989 እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ቲም በርነርስ ሊ ለአለቆቹ ያቀረበው ጽሑፍ መፍትሔ የፈለገው ለዚሁ ችግር ነበር። ጽሑፉ ሰነዶች ሁሉ ወደ አንድ ማእከላዊ ቋት ይሰብሰቡ አላለም፤ እያንዳንዱ ቡድን ሰነዱን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዳስቀመጠ፣ ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው የሚያሻግር ማያያዣ እንዲበጅ ሐሳብ አቀረበ። ይህን ለማድረግ ሦስት ስምምነቶች ብቻ በቂ ሆኑ። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ሰነድ የት እንደሚገኝ የሚነግር አንድ ዓይነት የአድራሻ አጻጻፍ ሲሆን፣ ዛሬ ዩአርኤል ይባላል፤ ሁለተኛው ኮምፒውተሮች ሰነድ ሲጠይቁና ሲመልሱ የሚከተሉት ሥርዓት፣ ማለትም ኤችቲቲፒ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ገጹ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲነበብ የሚያስችለው የአጻጻፍ ደንብ፣ ማለትም ኤችቲኤምኤል ነው። ከእነዚህ ሦስቱ ውጪ ያለው ሁሉ፣ የኮምፒውተሩ ዓይነት፣ የሰነዱ ይዘት፣ የተቋሙ አደረጃጀት፣ ለየባለቤቱ ተተወ።

የመጀመሪያው የድር ሰርቨር፣ ማለትም ገጾችን ለጠያቂዎች የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ በሰርን ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1991 ደግሞ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ከአውሮፓ ውጪ የመጀመሪያውን ሰርቨር ከፍቶ፣ የፊዚክስ ጥናቶችን ዝርዝር የያዘውን የመረጃ ቋቱን በድር አማካይነት እንዲፈለግ አደረገ። በዚህም በሁለት አህጉር ያሉ፣ በአንድ አስተዳደር ሥር ያልሆኑ ሁለት ተቋማት በአንድ መንገድ መገናኘት ቻሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሰርን የድርን ሶፍትዌር ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ጎፈር ለተባለው ተፎካካሪ ሥርዓት ባለቤቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንደሚጠይቅ በማስታወቁ ብዙ ተጠቃሚዎች ወደ ድር ፊታቸውን አዙረዋል። ተቋማት የጋራ መንገድ ሲመርጡ፣ ባለቤቱ ነገ ሐሳቡን ቀይሮ ይዘጋብናል ብለው የማይሰጉበትን እንደሚመርጡ ይህ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የዓለም አቀፍ ድር ኅብረትም የድርን የጋራ ደንቦች ድርጅቶች በምክክርና በስምምነት የሚያወጡበት ጉባኤ ሆነ።

ሰው ከሚያነበው ገጽ ወደ ማሽን የሚያነበው መረጃ

የመጀመሪያዎቹ ድረ ገጾች የተዘጋጁት ለሰው ዓይን ነበር። ይህ ለማስታወቂያና ለጥናት ጽሑፍ በቂ ቢሆንም፣ ባንክ የደንበኛውን ንግድ ፈቃድ ለማጣራት ሠራተኛው በየቀኑ የሌላ መሥሪያ ቤት ገጽ እየከፈተ በእጁ እንዲገለብጥ ማድረግ ወረቀቱን በስክሪን ከመተካት ብዙም አይርቅም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው የአንዱ ተቋም ፕሮግራም የሌላውን ተቋም ፕሮግራም በቀጥታ መጠየቅ ሲችል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው በባለሙያዎች ዘንድ ኤፒአይ የሚባለው ነው፤ ይህም አንድ ተቋም የትኛውን ጥያቄ በምን መልክ እንደሚቀበል፣ ምን ዓይነት መልስ በምን መልክ እንደሚሰጥ አስቀድሞ አስታውቆ ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚከፍተው የመገናኛ በር ነው።

የኤፒአይ ጥቅም ከፍጥነቱ ይልቅ በቁጥብነቱ ይበልጥ ይታያል። ባንኩ የሚፈልገው ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማወቅ ከሆነ፣ የንግድ ቢሮው ሥርዓት «የጸና ነው» ወይም «የጸና አይደለም» ብሎ ብቻ ሊመልስ ይችላል፤ የነጋዴው ሙሉ ፋይል ከቢሮው አይወጣም። በወረቀት ዘመን ግን አንዲት ነጥብ ለማስረዳት ሙሉው ሰነድ ኮፒ ተደርጎ በብዙ እጅ ያልፋል። መልሱ የሚጻፍበት መልክም በስምምነት የተወሰነ ነው፤ በስፋት የሚሠራባቸው ኤክስኤምኤልና ጄሰን የተባሉት የአጻጻፍ ደንቦች፣ የትኛው ቃል ስም፣ የትኛው ቁጥር ቀን እንደሆነ ለማሽኑ ለይተው ያመለክታሉ።

ከዚህ ጎን ለጎን በድርጅቶች መካከል ያሉ ሰዎች አብረው የሚጽፉባቸው መሣሪያዎችም አድገዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዋርድ ካኒንግሃም የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የከፈተው የመጀመሪያው ዊኪ፣ ማለትም አንባቢው ራሱ ሊያርመው የሚችለው ድረ ገጽ፣ በኋላ ለዊክፔዲያ መሠረት የሆነውን አሠራር አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሠራው ጊት የተባለ ሶፍትዌር ደግሞ በልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አንድን የፕሮግራም ጽሑፍ እያሻሻሉ፣ ማን ምን እንደቀየረና መቼ እንደቀየረ ሳይጠፋ እንዲቀመጥ አስቻለ። ሁለቱም የሚጋሩት ጠባይ እያንዳንዱ ለውጥ መመዝገቡና ስሕተት ከተገኘ ወደ ነበረበት መመለስ መቻሉ ነው።

የኢስቶኒያ መንገድ

መረጃን በአንድ ቦታ ሳይሰበስቡ በአገር ደረጃ መተባበር እንደሚቻል በግልጽ ካሳዩት አገሮች አንዷ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኘው ኢስቶኒያ ናት። ወደ 1.3 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1991 ከሶቪየት ኅብረት ተለይታ ነጻነቷን መልሳ ስትይዝ የመንግሥቷ በጀት ውስን ነበር። በ1990ዎቹ ሚኒስቴሮቿ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የመረጃ ቋት በየጊዜያቸውና በየዐቅማቸው ስላቋቋሙ፣ ዐሥርት ዓመቱ ሲጠናቀቅ አገሪቱ ብዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ቢኖሯትም ሥርዓቶቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር። ሁሉንም አፍርሶ አንድ ታላቅ ማእከላዊ ቋት መገንባት አንዱ አማራጭ ነበር፤ ነገር ግን ወጪው ከባድ ነው፣ የትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገቡን አሳልፎ መስጠት አይወድም፣ ቋቱ ከተሰበረም የሁሉ ሰው ምሥጢር በአንድ ጊዜ ይወጣል። ኢስቶኒያ ቋቶቹን በየቦታቸው ትታ በመካከላቸው የሚያልፈውን መንገድ ለመሥራት መረጠች፤ ኤክስሮድ የተባለውም የመረጃ መለዋወጫ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ጀመረ።

አሠራሩ በጥቂት መሠረታዊ ነጥቦች ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ አባል ተቋም በራሱ ሥርዓትና በውጪው መረብ መካከል የጥበቃ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ያቆማል። አንድ መሥሪያ ቤት ሌላውን ሲጠይቅ ጥያቄው በዚህ ሰርቨር ላይ በተቋሙ ዲጂታል ማኅተም ይታተማል፣ በምስጠራ ይሸፈናል፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ተጠያቂው ተቋም የጥበቃ ሰርቨር ይሄዳል። ዲጂታል ማኅተም ማለት በሒሳብ ስሌት የሚሠራ፣ መልእክቱ ከማን እንደመጣና በመንገድ ላይ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ምልክት ሲሆን፣ ምስጠራ ደግሞ መልእክቱን ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መቀየር ነው። ተጠያቂው ተቋም ጠያቂው ለዚያ አገልግሎት ፈቃድ እንዳለው አይቶ ይመልሳል፤ ልውውጡም የሰዓት ማረጋገጫ ተደርጎበት በመዝገብ ይቀመጣል። በማእከል ያለው ሰርቨር የሚይዘው የአባላቱን ዝርዝርና የሥርዓቱን ደንቦች ብቻ ነው፤ የዜጎች መረጃ በእርሱ በኩል አያልፍም።

ከዚህ አሠራር የሚከተለው ትልቅ ቁም ነገር እያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። የኢስቶኒያ ሕግ አንድን መረጃ ለመሰብሰብ የተለያዩ የመረጃ ቋቶች እንዳይቋቋሙ ይከለክላል፤ አድራሻው በሕዝብ መዝገብ ውስጥ ያለን ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት አድራሻህን ንገረኝ ከማለቱ በፊት መዝገቡን መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ የተነሣ ዜጋው አድራሻው ሲቀየር በየቢሮው እየዞረ አያስታውቅም፤ ተቋማትም በአንድ ሰው ላይ የሚጋጩ መዝገቦችን ይዘው አይከራከሩም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ሕፃን ተወልዶ ሲመዘገብ ወላጆቹ ማመልከቻ እስኪያስገቡ ሳይጠበቅ፣ የሚገባቸው የቤተሰብ ድጎማ ከመንግሥት በኩል እንዲቀርብላቸው ተደርጓል፤ ይህ የሚቻለው የምዝገባውና የማኅበራዊ ዋስትናው ሥርዓቶች ስለሚናበቡ ነው።

መንገዱ ከአገር ድንበርም ተሻግሯል። ፊንላንድ ይህንኑ ሶፍትዌር ለራሷ አገልግሎት ከተቀበለች በኋላ፣ ሁለቱ አገሮች ሶፍትዌሩን በጋራ የሚያበለጽግ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 መሠረቱ፤ በ2018 መጀመሪያም የሁለቱ አገሮች ሥርዓቶች ተገናኙ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ማእከልና የራሱን ሕግ እንደያዘ የሌላውን አባላት የሚያውቅበት ስምምነት ነው የተደረገው። የኤክስሮድ የፕሮግራም ጽሑፍ ለማንም ክፍት በሆነ ፈቃድ የወጣ በመሆኑም ሌሎች አገሮች እንደየሁኔታቸው ሊጠቀሙበት ችለዋል።

ውል ሳይፈራረሙ መተባበር

የኢስቶኒያ አሠራር አባልነት፣ ፈቃድና ማኅተም የሚጠይቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ድርጅቶች አስቀድመው ሳይተዋወቁ፣ በሰዓታት ውስጥ አብረው መሥራት ይገደዳሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ የሄይቲን ዋና ከተማ ፖርቶፕሪንስን ባወደመ ጊዜ፣ ከየአገሩ የደረሱት የነፍስ አድን ቡድኖች ካጋጠሟቸው ችግሮች አንዱ የከተማዋ ዝርዝር ካርታ አለመኖሩ ነበር። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው የሁሉም የሆነ የዓለም ካርታ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በከተማዋ ላይ ጥቂት መንገዶችን ብቻ ይዞ ነበር። የሳተላይት ኩባንያዎች አዳዲስ ምስሎችን በፈቀዱ ጊዜ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች መንገዶችን፣ የፈረሱ ሕንፃዎችንና ተፈናቃዮች የተጠለሉባቸውን ሜዳዎች በድር በኩል በዚያው ካርታ ላይ መሳል ያዙ፤ በቦታው የነበሩ ሠራተኞችም ካርታውን አውርደው ተጠቀሙበት።

የዚህ ትብብር ምሥጢር ካርታው ማንም ሊያሻሽለውና ማንም ሊወስደው በሚችልበት ፈቃድ መቀመጡና የመንገድ፣ የሆስፒታል፣ የድልድይ ምልክት እንዴት እንደሚጻፍ አስቀድሞ የተስማሙበት ደንብ መኖሩ ነው። ያ ደንብ ባይኖር ኖሮ የበጎ ፈቃደኞቹ ብዛት ሥራውን ከማፋጠን ይልቅ ያወሳስበው ነበር።

በዕርዳታ ሥራ ውስጥ ይኸው ትምህርት ቋሚ መልክ ይዟል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የሰብዓዊ መረጃ መለዋወጫ ድረ ገጽ ከፍቶ፣ የዕርዳታ ድርጅቶች የተፈናቃዮችን፣ የምግብ ዋስትናንና የመሠረተ ልማትን መረጃዎች እንዲያስቀምጡበትና አንዱ ከሌላው እንዲወስድ አድርጓል። በዚህ ሥራ ውስጥ ቀላል የሚመስል ግን ወሳኝ የሆነ መሣሪያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ክልል፣ ዞንና ወረዳ አንድ ቋሚ መለያ ኮድ መስጠት ነው። የአንድ ወረዳ ስም በላቲን ፊደል በየድርጅቱ በተለያየ መንገድ ሲጻፍ ማሽኑ የተለያዩ ቦታዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ኮዱ አንድ ከሆነ ግን የአንዱ ድርጅት የስንዴ ዕደላና የሌላው ድርጅት የሕፃናት ምርመራ በአንድ ወረዳ ሥር ይገናኛሉ።

ጤና፦ ከጤና ጣቢያ እስከ ሚኒስቴር

በአፍሪካ በሰፊው ሥር ከሰደዱት የትብብር ሥርዓቶች አንዱ ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በደቡብ አፍሪካ ነው፤ አፓርታይድ ሲያበቃ በዘር ተከፋፍሎ የቆየውን የጤና አስተዳደር አንድ ለማድረግ በተደረገው ጥረት፣ የአገሪቱ ባለሙያዎችና የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወረዳ ጤና መረጃን የሚያጠቃልል ሶፍትዌር ሠሩ። በኋላ ሥርዓቱ በድር ላይ የሚሠራ ሆኖ እንደገና ተጻፈ፤ ዛሬ የኢትዮጵያን ጤና ሚኒስቴር ጨምሮ ከ70 በላይ በሚሆኑ አገሮች ጥቅም ላይ ውሏል። ጤና ጣቢያው የክትባቱን፣ የወሊዱን፣ የወባውን ቁጥር ሲመዘግብ፣ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉና ሚኒስቴሩ ያንኑ ቁጥር እንደየሥልጣናቸው ያዩታል፤ በየደረጃው ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ ቢሄድ ግን መዘግየቱና መሳሳቱ በየእርከኑ ይጨመር ነበር።

የሥርዓቱ ክፍትነት ያመጣው ጥቅም በኮቪድ 19 ጊዜ ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ የስሪላንካ ባለሙያዎች ከውጭ የሚገቡ መንገደኞችን ለመከታተል በዚሁ ሥርዓት ላይ የሠሩትን መተግበሪያ ለሌሎች በማካፈላቸው፣ ብዙ አገሮች ከባዶ ከመጀመር ዳኑ። በአንድ አገር ያለ መሥሪያ ቤት የፈታውን ችግር በሌላ አህጉር ያለ መሥሪያ ቤት በሳምንታት ውስጥ እንዲጠቀምበት ያስቻለው ሁለቱም አስቀድመው በአንድ ደንብ መሥራታቸው ነው።

የኢትዮጵያ ጅምሮችና የራሷ ፈተናዎች

በኢትዮጵያም ተፎካካሪ ተቋማት በጋራ መንገድ ተጠቃሚ ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። ባንኮች ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2011 ያቋቋሙት ኢትስዊች፣ ከ2016 ጀምሮ የአንዱ ባንክ ደንበኛ በሌላው ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ እንዲያወጣ አድርጓል፤ ባንኮቹ ደንበኛ ለመሳብ መወዳደራቸውን ሳይተዉ፣ ለሁሉም የሚጠቅመውን መስመር ግን በጋራ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ደግሞ አስመጪና ላኪ ለየፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲያቀርብ የነበረውን ሰነድ በአንድ ድረ ገጽ እንዲያስገባ፣ ተቆጣጣሪዎቹና ጉምሩክም በየድርሻቸው እንዲመለከቱት ታስቦ የተዘረጋ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያም ለእያንዳንዱ ነዋሪ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር በመስጠት፣ ባንኩም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ትምህርት ቤቱም ስለ አንድ ሰው ሲነጋገሩ ስለ ማን እንደሚነጋገሩ በእርግጠኝነት እንዲያውቁ ይረዳል።

የመለያ ቁጥር አስፈላጊነት በኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይበልጥ ይከብዳል። በአማርኛ አንድ ድምፅ የሚጋሩ ፊደላት በመኖራቸው ኃይሉ የተባለ ሰው ስም በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። ለሰው ዓይን ሁሉም አንድ ነው፤ በሥርዓት ካልተዘጋጀ በቀር ለማሽን ግን ሦስት ሰው ነው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ባለመኖሩም ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ፣ የውጭ አገር ቅጾች ግን የመጨረሻ ስም ስለሚጠይቁ፣ በአንዱ ሰነድ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአገር ቤት ማስረጃቸውንና የውጭ ሰነዳቸውን ለማገናኘት ከሚቸገሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ዘመን ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ በ1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቀኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጠቀስ ወደ ሌላ ሥርዓት ቢተላለፍ በዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊጨመርበት ይችላል፤ ይህም የጡረታን፣ የትምህርትንና የጋብቻን መብት የሚነካ ስሕተት ነው። እነዚህን ጉዳዮች ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር በራሱ አይፈታቸውም። የስም አጻጻፍ እንዴት እንደሚመሳከር፣ ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቀመጥና አቆጣጠሩ እንዴት እንደሚጠቀስ፣ የወረዳና የቀበሌ ኮድ የማን እንደሆነ ተቋማቱ ራሳቸው ቁጭ ብለው ሊስማሙባቸው የሚገቡ ናቸው፤ የቋንቋና የታሪክ ምሁራንም ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ጋር በዚህ ውይይት ውስጥ ድርሻ አላቸው።

መተማመን እንዴት ይጸናል

መረጃ በፍጥነት ሲጓዝ ጉዳትም በፍጥነት ሊጓዝ ይችላል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2007 የመንግሥቷን፣ የባንኮቿንና የመገናኛ ብዙኃኗን ድረ ገጾች ያጨናነቀ የሳይበር ጥቃት ደርሶባታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከ700,000 በላይ በሆኑ መታወቂያ ካርዶቿ ውስጥ የምስጠራ ድክመት መኖሩ ታውቆ፣ መንግሥት ችግሩን ለሕዝብ አሳውቆ የካርዶቹን ማረጋገጫ አግዶ እንዲታደሱ ማድረግ ነበረበት። ሕዝቡ በሥርዓቱ ላይ ያለው እምነት የቆየው ጉድለት ባለመኖሩ አልነበረም፤ ጉድለቱ ሲገኝ በግልጽ በመነገሩና በመታረሙ ነው። በዚያ አገር ዜጋው በድረ ገጽ ገብቶ የትኛው መሥሪያ ቤት መረጃውን መቼ እንደተመለከተ ሊያይ ይችላል፤ ያለ ሥራ ምክንያት የሰው ፋይል የከፈተ ሠራተኛም ከመዝገቡ አያመልጥም። ይህ የማየት መብት ከማናቸውም ምስጠራ ባላነሰ የሥርዓቱ ጠባቂ ነው።

በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ለዚህ ዓይነቱ መተማመን የሕግ መሠረት ያኖራል። ሆኖም ሕጉ በተግባር የሚመዘነው ተቋማት ሲገናኙ ማን ምን ለማየት እንደተፈቀደለት፣ ለምን ዓላማ እንደሆነና መረጃው ያለ አግባብ ቢገለጥ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ በየስምምነታቸው በግልጽ ሲጽፉ ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖሩ፣ ማንበብ የማይችሉ ወይም ስልክ የሌላቸው ሰዎች እንዳይገለሉም፣ የድሩ መስመር ከኋላ ቢሠራ እንኳ ከፊት በመስኮት ተቀምጦ የሚያስተናግድ ሠራተኛ መቅረት የለበትም። ተቋማት በድር መገናኘታቸው ዋና ትርፉ ከሠራተኛው ትከሻ ላይ መዝገብ የማገላበጥ ሸክም ወርዶ፣ ጊዜውን ለባለጉዳዩ እንዲሰጥ ማስቻሉ ነው።

ስለዚህ አገር አቀፍ የሆነ የተቋማት ትብብር የሚጀምረው በጨረታና በሰርቨር ግዢ አይደለም። አስቀድሞ እያንዳንዱ መረጃ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይወሰናል፤ ቀጥሎ ስሙ፣ ቀኑና ቦታው የሚጻፍበት የጋራ ደንብ ይጸድቃል፤ ከዚያ ማን ማንን ምን መጠየቅ እንደሚችል በሕግና በስምምነት ይደነገጋል፤ ሶፍትዌሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሲመጣም ክፍት በሆኑ ደንቦች የተሠራ፣ በአንድ ሻጭ መዳፍ ያልወደቀ መሆን ይኖርበታል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀች ትንሽ አገር በውስን በጀት ብዙ ሠርታለች፤ ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሥራ ግን ገንዘቡ ምንም ያህል ቢበዛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለየብቻቸው የቆሙ አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ከማትረፍ አያልፍም።